በኮከብ የምትፈርም ሠዓሊ

እንደምን ዋላችሁ። በአንድ የፍርድ ቤት ክርክር ልጀምር። ጊዜው 1893 ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በሙዚየም ግድግዳ ላይ የምታነቡትም በዚያው አቆጣጠር ስለሆነ እንዳለ ትቼዋለሁ። ለንደን ውስጥ የሥዕል ነጋዴዎች ተካሰሱ። አንዱ ለሌላው በ4,500 ፓውንድ አንድ ሥዕል ሸጦለት ነበር፤ የታላቁ የሆላንድ ሠዓሊ የፍራንስ ሃልስ እጅ ነው ብሎ። ሥዕሉ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እሱ ቫዮሊን ይጫወታል፣ እሷ መጠጥ ይዛለች። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። በኋላ ግን ሥዕሉ ላይ ያለው ምልክት የሃልስ አለመሆኑ ታወቀ። ጄ እና ኤል የተባሉት የላቲን ፊደላት ተቆላልፈው ተጽፈዋል፤ ከጎናቸው አንዲት ኮከብ አለች። ገዢው ተታለልኩ አለ። ክርክሩ በስምምነት አለቀ፤ ሥዕሉ ዋጋው ተቀንሶ ገዢው ዘንድ ቀረ።

ልብ በሉ፤ ሥዕሉ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም አልተነካችም። ትናንት የተደነቀው ሳቅ ዛሬም እዚያው ነው። የወረደው ዋጋ የስም ዋጋ ነው።

በዚያው ዓመት ኮርኔሊስ ሆፍስተዴ ደ ግሮት የተባለ የሆላንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ነገሩን ተከትሎ ሄደና ሰባት ሥዕሎች የአንዲት ሴት እጅ ሥራ መሆናቸውን ጽፎ አወጣ። ስድስቱ ያንኑ ምልክት የያዙ ነበሩ። ሴትዮዋ ዮዲት ሌይስተር ትባላለች። የሞተችው በ1660 ነው። እስከ 1893 ድረስ 233 ዓመት ሥራዎቿ በሌሎች ሰዎች ስም ሲሸጡ፣ ሲሰቀሉና ሲደነቁ ኖረዋል።

ዛሬ የማወራችሁ በሰው አገር ሙዚየም ውስጥ የማናውቀውን ሠዓሊ እንዴት እንደምናገኝ ነው። ዮዲትን ምሳሌ ያደረግሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የእሷ ታሪክ ራሱ ስምን ከሥዕል አስቀድሞ ማየት የሚያመጣውን ጥፋት ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለምትኖሩት ሥራዋን ማየት ምንም አይከብድም፤ የራሷን መልክ የሣለችበት ሥዕል ከተማው መካከል ባለው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት፣ ምዕራቡ ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው። መግቢያው ነፃ ነው። ቲኬት የለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ክፍት ነው።

ነፃ መሆኑ ከገንዘብም በላይ ጥቅም አለው። 25 ዶላር ወይም 25 ዩሮ ከፍሎ የገባ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ሁሉንም ክፍል ይሮጣል፤ ሦስት ሰዓት ይዞራል፤ ሲወጣ እግሩ ያብጣል እንጂ አንድም ሥዕል በአእምሮው አይቀርም። ዓይንና አእምሮ ይደክማሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሰው ሥዕል ማየቱን ትቶ መቀመጫ መፈለግ ይጀምራል። ነፃ በሆነ ቦታ ግን ለ40 ደቂቃ ገብታችሁ፣ ሁለት ክፍል አይታችሁ፣ በሌላ ቀን መመለስ ትችላላችሁ። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ 40 ደቂቃው ለእነሱም ልክ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። መጀመሪያ መደረግ ያለበት በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን በሙሉ አንድ ጊዜ መቃኘት ነው። ወደ ግድግዳው ጽሑፍ አትሂዱ። ዓይናችሁ ራሱ የሚመለስበትን ሥዕል ምረጡ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፤ ፊቱ፣ ቀለሙ፣ ወይም አንድ የማይገባ ነገር ሊሆን ይችላል። አንድ ብቻ ምረጡ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። በግራ በኩል ይጀምራል፤ ጽሑፉን ያነባል፤ የሚያውቀው ስም ከሆነ ቀና ብሎ ሥዕሉን ያያል፤ ካልሆነ ያልፋል። እንዲህ የሚሄድ ሰው አዲስ ሠዓሊ ሊያገኝ አይችልም፤ የሚያገኘው ድሮ የሚያውቃቸውን ነው።

ቀጥሎ ርቀት ነው። የሥዕሉን ሰያፍ፣ ማለትም ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን፣ በዓይናችሁ ገምቱና የዚያን አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ያህል ራቁ። የዮዲት ሥዕል ቁመቱ 74.6፣ ስፋቱ 65.1 ሳንቲሜትር ነው። ሰያፉ አንድ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከ1.5 እስከ 2 ሜትር መቆም ይበቃል። እዚያ ሆናችሁ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። ሁለት ደቂቃ ሲወራ አጭር ነው፤ ሲቆሙት ግን ረጅም ስለሆነ ሰዓት ተመልከቱ።

ምን ታያላችሁ? አንዲት ወጣት ሴት ከሥዕል ማቆሚያ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሥራዋን አቋርጣ ወደ እኛ ዞር ብላለች። ቀኝ ክንዷን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አድርጋለች፤ በእጇ ብሩሽ አለ። ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቷል፤ አንድ ነገር ልትለን የጀመረች ነው የሚመስለው። በግራ እጇ የቀለም ማዋሃጃውን ሰሌዳ፣ መጥረጊያ ጨርቁንና ወደ 18 የሚጠጉ ብሩሾችን አንድ ላይ ጨብጣለች። ማቆሚያው ላይ ያለው ያላለቀ ሥዕል ደግሞ ሰማያዊ የለበሰ፣ እየሳቀ ቫዮሊን የሚመታ ሰው ነው።

አሁን ቀረብ በሉ፤ ነገር ግን ከግማሽ ሜትር በላይ አትጠጉ። በጣት አትጠቁሙ። ጥበቃዎቹ የሚቆጡት ሥዕል ስለምትወዱ አይደለም። ጣት ወደ ሸራ ሲዘረጋ ከኋላ አንድ ሰው ቢገፋ የሚሆነውን ስለሚያውቁ ነው። በብዙ ቦታ ቀረብ ሲሉ የሚጮህ መሣሪያም አለ። የጀርባ ቦርሳ ከሆነ የያዛችሁት ወደ ፊት አዙሩት ወይም በእጃችሁ ያዙት፤ ዞር ስትሉ ግድግዳውን የሚመታው እሱ ነው።

ከቅርብ ስታዩ አራት ነገር ጠይቁ። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? እጆቹ ምን እየሠሩ ነው? ብሩሹ የት ፈጠነ፣ የት ቀስ አለ? ልብሱ ከሥራው ጋር ይስማማል? የመጨረሻው ጥያቄ እዚህ ሥዕል ላይ ብዙ ይናገራል። የለበሰችው ሰፊና ጠንካራ ነጭ አንገትጌ፣ ጫፉ ዳንቴል የሆነ እጅጌ ነው። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው እንዲህ ለብሶ አይሠራም፤ በአንድ ቀን ይበላሻል። እንግዲህ ሥዕሉ የሥራ ቀንዋን እያሳየን አይደለም። ሙያዋን እያሳወቀች ነው። የሰው መልክ እንደምትሥል በራሷ ፊት፣ ሳቅና ጨዋታ እንደምትሥል በቫዮሊን መቺው ታሳየናለች። ሁለት ዓይነት ሥራዋን በአንድ ሸራ አስቀምጣለች ማለት ነው።

የሥዕሉን ሥር በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው ብርሃን፣ የመረመሩት ባለሙያዎች ሌላም ነገር አግኝተዋል። ቫዮሊን መቺው አሁን ያለበት ቦታ ላይ መጀመሪያ የሣለችው የአንዲት ሴት ፊት ነበር፤ ምናልባትም የራሷን። ሐሳቧን ቀይራ ነው በላዩ ላይ ሰውዬውን የሣለችው። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። ማወቁ ግን ጥሩ ነው፤ አንድ ሥዕል ካለቀ በኋላ የምናየው የመጨረሻውን ውሳኔ ብቻ መሆኑን ያስታውሰናል።

የቫርኒሽ፣ ማለትም ሥዕሉ ላይ የሚቀባው አንጸባራቂ ሽፋን፣ ነፀብራቅ ሲያስቸግር ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ፊት ይጠጋል፤ አይጠቅምም። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ትንሽ ጎንበስ በሉ፤ የጣሪያው መብራት ከዓይናችሁ ይሸሻል። ከጎን ሆናችሁ ስታዩ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ፤ የቀለሙ ውፍረት፣ የብሩሹ ጭረት ጥላ ይጥልና ይታያል። አንገትጌው ላይ ያለውን ነጭ እንዲህ አድርጋችሁ ተመልከቱት።

ሰባት ስምንት ደቂቃ እንዲህ ካያችሁ በኋላ ነው ጽሑፉ የሚነበበው። እንግዲህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

በእንግሊዝኛ በሚጻፍ የሙዚየም መግለጫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሠዓሊው ስም ይመጣል፤ ከዚያ አገሩና የተወለደበትና የሞተበት ዓመት፤ ከዚያ የሥዕሉ ርዕስና ዓመት፤ ከዚያ የተሠራበት ነገር፤ በመጨረሻ ማን እንደሰጠውና የመዝገብ ቁጥሩ። ከዓመቱ በፊት «ሲርካ» የሚል ቃል ወይም የ«ሲ» ፊደል ካለ «ገደማ» ማለት ነው፤ የዮዲት የራሷ ምስል «1630 ገደማ» ነው የተባለው። የመዝገብ ቁጥሩ 1949.6.1 ነው። ይህ ቁጥር ሲፈታ በ1949 ወደ ሙዚየሙ የገባ፣ በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት ስጦታዎች ወይም ግዢዎች ስድስተኛው፣ ከእሱም ውስጥ አንደኛው ዕቃ ማለት ነው። ይህን አሠራር ብዙ የአሜሪካ ሙዚየሞች ይጠቀሙበታል። ቁጥሩን መያዝ ያለባችሁ ቤት ገብታችሁ ስትፈልጉ ከስምም ከርዕስም ይልቅ የማይሳሳተው እሱ ስለሆነ ነው።

ርዕስን ግን ብዙ አትመኑ። የ17ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎች አብዛኛውን ሥዕል ርዕስ አልሰጡትም፤ ርዕሱን ያወጡለት በኋላ የመጡ ነጋዴዎችና የሙዚየም ሰዎች ናቸው። በዘ ሄግ ከተማ፣ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ያለውን የዮዲትን የ1631 ሥዕል ውሰዱ። አንዲት ሴት በመብራት ትሰፋለች፤ ባለ ጠጉር ቆብ ሰውዬ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ሳንቲሞች ያሳያታል፤ እሷ ቀና አትልም። አንዱ መጽሐፍ «ጥያቄው» ይለዋል፤ ሙዚየሙ «ለወጣት ሴት ገንዘብ የሚያቀርብ ሰው» ይለዋል። የመጀመሪያውን ርዕስ ያነበበ ሰው የጋብቻ ጥያቄ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሥዕሉን አስቀድሞ ያየ ሰው ግን የሴትዮዋን ትከሻ አይቷል፤ ወደ ክሩ ያዘነበለ ዓይኗን አይቷል፤ በሌሊት የምትሠራ መሆኗን አይቷል። ይህ ሥዕል በጣም ትንሽ ነው፤ 30.8 በ24.2 ሳንቲሜትር፣ ከአንድ ደብተር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ 60 ወይም 70 ሳንቲሜትር ላይ ቆማችሁ ነው የምታዩት። ሌላ ሰው ከፊታችሁ ከቆመ ምንም አይታይም፤ እዚያ ሙዚየም ጠዋት በር ሲከፈት መግባት ይሻላል። ሰኞ ቀን የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ መሆኑን አትርሱ።

ወደ መግለጫው ልመለስ። ከሠዓሊው ስም በፊት የሚገቡ ትንንሽ ቃላት አሉ፤ ሙሉውን ነገር የሚለውጡት እነሱ ናቸው። «አትሪቢዩትድ ቱ» ካለ፣ ባለሙያዎቹ የእሱ ነው ብለው ይገምታሉ፤ እርግጠኛ ግን አይደሉም ማለት ነው። «ወርክሾፕ ኦፍ» ማለት ከሠዓሊው የሥራ ቤት የወጣ፣ በረዳቶቹ ወይም በተማሪዎቹ እጅ የተሠራ ነው። «ሰርክል ኦፍ» ሲል በእሱ ዘመን፣ በእሱ ዙሪያ የነበረ ስሙ ያልታወቀ ሰው። «ፎሎወር ኦፍ» የእሱን አሠራር የተከተለ፣ ምናልባትም ከእሱ በኋላ የመጣ ነው። «አፍተር» የሚለው በተለይ ያታልላል፤ የጊዜ ቃል ይመስላልና። ትርጉሙ የዚያ ሠዓሊ ሥራ ቅጂ ማለት ነው። ቃሉን ሳያዩ አልፈው «የታላቁን የሆላንድ ሠዓሊ የሬምብራንትን ሥዕል አየሁ» ብለው የሚመለሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እኔ የምመክረው ግን ከዚህ በተቃራኒ ነው። እነዚህን ቃላት ስታዩ አትለፉ፤ ቁሙ። ስም ያልወጣለት ሰው ከትልቁ ስም ጀርባ ያለው እዚያ ነው። የዮዲት ሥራዎች ለ233 ዓመት የኖሩት በዚህ ዓይነት ጥላ ውስጥ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን የሚታወቀው ጣና ሐይቅ ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለ አንድ ሥዕል ላይ ስሙ በመጻፉ ነው። ከዚያ አንድ ሥዕል ተነሥቶ ነው የእሱና የተከታዮቹ አሠራር በሌሎች ሥዕሎች ላይ የሚፈለገው። ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ወደምትርቀው ባልቲሞር ስትሄዱ ዋልተርስ የተባለው ሙዚየም ትልቅ የኢትዮጵያ ስብስብ አለው፤ እሱም ነፃ ነው። እዚያም ያሉትን መግለጫዎች በዚሁ ዘዴ አንብቡ።

አሁን ስለ ፊርማዋ። ዮዲት በ1609 ሐምሌ ወር ውስጥ ሃርለም በምትባል የሆላንድ ከተማ ክርስትና ተነሣች። አባቷ ቢራ ጠማቂ ነበር፤ የቤተሰቡ መጠሪያ ከቢራ ቤቱ ስም የመጣ ነው። ሌይስተር በደች ቋንቋ መሪ ኮከብ ማለት ነው፤ መርከበኞች አቅጣጫ የሚይዙበት ኮከብ። ስለዚህ ፊርማዋን ስትቀርጽ ሁለቱን ፊደላት አቆላልፋ ኮከቧን ከጎን ጨመረች። ሥዕሏን ያላዩ ሰዎች ይህን ምልክት ለማስታወስ አይቸገሩም፤ የሚቸግረው ማግኘቱ ነው። ፊርማ ሁልጊዜ ከታች ጥግ ላይ አይደለም። ከጀርባው ቀለም ብዙም በማይለይ ጥቁር ቡኒ ሊጻፍ ይችላል። ፍሬሙ የሥዕሉን ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር ይሸፍናል። የቆየ ቫርኒሽ ደግሞ ይቢጫል፤ ያጨልማል። በግድግዳው ላይ ካላገኛችሁት ሙዚየሙ በድረ ገጹ ባወጣው ትልቅ ፎቶ ላይ ፈልጉ። ደግሞም ፊርማ በቀላሉ የሚጨመር ነገር መሆኑን እወቁ፤ ውድ ስም የሚጽፍ እጅ በየዘመኑ ነበረ።

አሠራሯ ከሃልስ ጋር ለምን ተምታታ? ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱም ሳቅ፣ መጠጥና ሙዚቃ ይሥላሉ፤ ሁለቱም ብሩሻቸው ፈጣን ነው። እሷ የሃልስ ተማሪ ነበረች የሚል የጽሑፍ ማስረጃ አልተገኘም፤ ሥራውን በደንብ ታውቅ እንደነበረ ግን ከሥዕሎቿ ይታያል። ልዩነቱን ለማየት ከብርሃኑ ጀምሩ። ዮዲት የሻማና የኩራዝ ብርሃን ትወዳለች። በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም ያለው የ1629 ሥዕሏ ላይ ሉት የሚመታ ሙዚቀኛ አለ፤ ሉት ሆዱ የእንቁላል ግማሽ የሚመስል ባለ አውታር መሣሪያ ነው። ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ፊቱን ይመታል፤ ምንጩ ግን አይታይም። ሃልስ ይህን ዓይነት የሌሊት ብርሃን አይጠቀምም ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ብሩሹ ሂዱ። የሃልስ ጭረት ለብቻው ቆሞ ይታያል፤ እጅጌ ላይ ዘለላ ዘለላ ሆኖ። የእሷ አጠር ያለና ወደ ቅርጹ የሚዞር ነው። ይህን ልዩነት ከፎቶ አትማሩም። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት አለባችሁ፤ ለዚህ የሚሻለው ሃርለም ያለው የፍራንስ ሃልስ ሙዚየም ነው። ከአምስተርዳም በባቡር 15 ደቂቃ ነው። ሰኞ ዝግ ነው።

በ1633 የሃርለም የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር አባል ሆነች። ቅዱስ ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል የሣለ መሆኑን እኛም ከቤተ ክርስቲያን ትውፊት እናውቃለን፤ በአውሮፓም የሠዓሊዎች ማኅበር በእሱ ስም የተሰየመው በዚሁ ምክንያት ነው። አባል ያልሆነ ሰው ተማሪ ተቀብሎ የራሱን የሥራ ቤት ማካሄድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ አባልነቷ የሙያ ፈቃድ ነው። በዘመኑ ያልተለመደውን የሴት አባልነት ካገኘች ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስት ወንድ ተማሪዎች ነበሯት። ከእነሱ አንዱ ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደ ፍራንስ ሃልስ ቤት ሄደ። ዮዲት ዝም አላለችም፤ ማኅበሩ ዘንድ ከሰሰች። የልጁ እናት 4 ጊልደር (የዚያን ጊዜው የሆላንድ ገንዘብ ነው) እንድትከፍላት ተወሰነ፤ የጠየቀችው 8 ነበር። ሃልስ ልጁን አልመለሰም፤ የተቀጣው 3 ጊልደር ነው። እሷም ልጁን በማኅበሩ መዝገብ ባለማስመዝገቧ ተቀጣች። ከገንዘቡ ይልቅ መዝገቡ ይበልጥብናል፤ በ26 ዓመቷ የራሷ ቤት፣ የራሷ ተማሪዎች ያላት ባለሙያ እንደነበረች በማያሻማ ሁኔታ የሚመሰክር ወረቀት ነውና።

ዓመታቱን በአገራችን ታሪክ ለመያዝ ይረዳችሁ እንደሆነ፦ ማኅበሩ ውስጥ የገባችው አፄ ፋሲል በነገሡ በዓመቱ ነው። በ1636፣ ጎንደር ተቆረቆረች በሚባልበት ዓመት፣ ያን ሚንሴ ሞሌናር የተባለ ሠዓሊ አገባች። አምስት ልጆች ወለዱ፤ ለአቅመ አዳም የደረሱት ሁለት ናቸው። ከጋብቻ በኋላ ሥዕል ተወች የሚል ብዙ ቦታ ታነባላችሁ። ከዚያ በኋላ በእርግጠኝነት የእሷ የሚባሉ ሥራዎች ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ግን በ1643 የሣለችው የቱሊፕ አበባ በውሃ ቀለም አለ። በባሏ የሥራ ቤት ውስጥ የሠራችው ደግሞ በእሱ ስም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ባሏ ሲሞት የተጻፈው የንብረት ዝርዝር ውስጥ አንዳንድ ሥዕሎች የተመዘገቡት «የሟቹ ሚስት» ተብሎ ነው። ስም የጠፋው እንዲህ ነው። ማንም አልሰረቀውም። ጸሐፊው ሙሉ ስም መጻፍ አላስፈለገውም፤ ቀጥሎ የመጣው ነጋዴ ደግሞ በውድ የሚሸጠውን ስም ጻፈ።

ሥዕል ራሱም ይለወጣል። በፊላደልፊያ ሙዚየም ያለው ሥዕሏ ሁለት ሰዎች በሌሊት ሲጠጡ ያሳያል፤ አንዱ ማሰሮውን ደፍቶ የመጨረሻዋን ጠብታ ይጠጣል። ለብዙ ዓመታት የደስታ ሥዕል ተብሎ ይታይ ነበር። በ1993 ሲጸዳ ግን በሁለቱ መካከል አንድ አጽም ወጣ፤ የአሸዋ ሰዓት ይዞ። አንድ የቀድሞ ባለቤት ወይም ነጋዴ አስፈሪውን ነገር በቀለም አስሸፍኖት ነበር። ከዚያ በፊት የታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ፎቶ አጽም የሌለበት ነው። ስለዚህ የድሮ መጽሐፍ ላይ ያያችሁትንና ግድግዳው ላይ ያለውን ስታነጻጽሩ ባይገጣጠሙ አትደንግጡ፤ የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት እዩ።

ማስታወሻ አያያዝ ላይ ጥቂት ልበል። በእርሳስ ጻፉ፤ በብዙ ሙዚየም እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ ቀለሙ የነካው ሸራ በቀላሉ አይለቅምና። ማስታወሻውን በአማርኛ ጻፉ፤ ስሙን ግን በላቲን ፊደል እንዳለ ገልብጡ። «ሌይስተር» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ቤት ስትደርሱ የእንግሊዙን የሌስተር ከተማ ነው የምታገኙት። የእሷ አጻጻፍ ኤል፣ ኢ፣ ዋይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ አር ነው። ፎቶ የምታነሡ ከሆነ ያለ ፍላሽ፣ መጀመሪያ ሥዕሉን ቀጥሎ ወዲያው መግለጫውን አንሡ፤ ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ከሁለት ሳምንት በኋላ 80 ፎቶ ይዛችሁ የትኛው ጽሑፍ የትኛው ሥዕል እንደሆነ አታውቁም። መግለጫውን ትንሽ ከጎን ሆናችሁ አንሡ፤ ፊት ለፊት ካነሣችሁት መብራቱ ፊደሉን ይበላዋል። የስልክ ፎቶ ቀለሙን እንደሚያሞቅና ጥቁሩን እንደሚያነጣ እወቁ። ለማስታወሻ እንጂ ለፍርድ አይሆንም።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ የሥዕሉን ገጽ ከፍታችሁ ዛሬ ተሰቅሎ እንደሆነ እዩ። ሥዕሎች ለሌላ አገር ኤግዚቢሽን ይዋሳሉ፤ ይጸዳሉ፤ ወደ መጋዘን ይገባሉ። አንድ ሥዕል ብላችሁ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ተነሥታችሁ አምስተርዳም ከደረሳችሁ በኋላ ባዶ ግድግዳ ማየት ያሳዝናል። የራይክስሙዚየም መግቢያ ደግሞ ቀንና ሰዓት ተመርጦበት አስቀድሞ የሚገዛ ነው።

ቤት ስትመለሱ በዚያው ገጽ ላይ የባለቤትነት ታሪኩን አንብቡ። ብዙ ሰው የማይከፍተው ክፍል ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ሥዕሉ በየት ጨረታ ተሸጠ፣ በማን ስም ተሸጠ፣ በየትኞቹ ዓመታት መካከል ዱካው ጠፋ፣ ሁሉም በመስመር በመስመር ይጻፋል። በድሮ ጨረታ ላይ የትኛው ስም እንደነበረና አሁን የትኛው እንዳለ አስተያዩ። የናሽናል ጋለሪና የራይክስሙዚየም የቆዩ ሥዕሎች ፎቶ በትልቅ መጠን በነፃ ይወርዳል፤ አትማችሁ ለልጆቻችሁ ክፍል መስቀል ትችላላችሁ። ለሆላንድ ሠዓሊዎች ደግሞ ዘ ሄግ ያለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋም የሁሉንም ስም፣ ሥራና ምንጭ የያዘ መዝገብ ለሁሉም ክፍት አድርጓል።

ራይክስሙዚየም በመጋቢት 2021 የዮዲትን ሉት መቺ የታላላቆቹ የሆላንድ ሠዓሊዎች የሬምብራንትና የፌርሜር ሥራዎች በተሰቀሉበት በክብር አዳራሹ ሰቀለው፤ ከሌሎች ሁለት ሴት ሠዓሊዎች፣ ከራሔል ራውሽና ከኼሲና ተር ቦርኽ ሥራዎች ጋር። እስከዚያ ቀን ድረስ አዳራሹ ውስጥ የሴት ሥራ አልነበረም። ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ፤ የሥዕሎቹን ትልልቅ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ኮከቧን ራሳችሁ ፈልጓት።